የቁርባን ጋብቻ፦ የባልና ሚስት መንፈሳዊ ሕይወት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

የቁርባን ጋብቻ ወንድና ሴት ሥጋ ወደሙን፣ ማለት የክርስቶስን ሥጋና ደም፣ አብረው ተቀብለው የሚመሠርቱት ትዳር ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ትቆጥረዋለች፤ ምሥጢረ ተክሊልም ትለዋለች። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሠርጉ ነው፤ ካባው፣ አክሊሉ፣ መዝሙሩ። ይህ ዳሰሳ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ስላለው ሕይወት ረዘም አድርጎ ያወራል። ባልና ሚስት በእምነት የሚያድጉትም፣ አብረው የሚያገለግሉትም እዚያ ላይ ነውና።

ሥርዓቱ ከቅዳሴ ጋር ይፈጸማል። ሙሽሮቹ ንስሐ ገብተው፣ ጾመው በማለዳ ይመጣሉ። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት እህል ውኃ አይቀመስም። ካህኑ በቀለበቱ፣ በካባውና በአክሊሉ ላይ ይጸልያል። ቅብዐ ቅዱስ ይቀባቸዋል፤ አክሊሉንም ይደፋላቸዋል። ከዚያ ቅዳሴው ደርሶ ሁለቱም ሥጋውን፣ ቀጥሎም ደሙን በእርፈ መስቀል፣ ማለት በቁርባን ማንኪያው፣ ይቀበላሉ። አፋቸውን በነጠላ ሸፈን አድርገው ጠበል ይጠጣሉ። ፎቶ አንሺዎች የሚሯሯጡት አክሊሉ ሲደፋ ነው፤ ትዳሩ የሚታሰረው ግን በቁርባኑ ነው።

አክሊል የሚደፋው ለደናግል ነው። ባል ወይም ሚስት ሞቶባቸው እንደገና ለሚያገቡ የመዓስባን ጸሎት የሚባል ሌላ ሥርዓት አለ። ሳይጋቡ አብረው የኖሩም ንስሐ ገብተው፣ አክሊሉ ቀርቶባቸው፣ በቁርባን ይጸናሉ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ድንግል ሲሆን ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ አባቶች የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይመስልም። የንስሐ አባትን ማማከር ይሻላል።

በድሮው ማኅበረሰብ አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ በሽማግሌና በምስክር ፊት የሚታሰር ውል ነው፤ ካልሆነም ንብረት ተካፍሎ መለያየት ይቻላል። ቁርባን ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ሰው ይፈራው ነበር። ብዙዎች በሰማንያ ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ድረው ኩለው፣ ሲሸመግሉ ይቆርባሉ። ይህ ልማድ ዛሬም በገጠር አለ። «ቆራቢ ናቸው» ከተባለ ሰፈሩ ባልና ሚስቱን በሌላ ዓይን ያያቸዋል። እነሱም ከመሐላ፣ ከመጠጥ ቤትና ከነገር ይርቃሉ። የተጣላ ሲኖር አስታራቂ ሆነው ይጠራሉ። ለመቁረብ እርጅናን መጠበቁን የዛሬ መምህራን አይደግፉትም፤ ትክክልም ናቸው። ሆኖም እነዚያ አረጋውያን ለቁርባን የነበራቸውን ፍርሃት እንደ ድክመት ብቻ ማየት አይገባም።

የሥርዓቱ ሕጋዊ መሠረት ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዓረብኛ ያዘጋጀው ኢብን አል አሳል ነው፤ በኋላ ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። ስለ ጋብቻ የሚናገረው አንቀጽ 24 ነው።

አብረው ያገለገሉ ባለትዳሮች ሲጠቀሱ ስብከቱ የሚጀምረው ከአቂላና ከጵርስቅላ ነው። ድንኳን እየሰፉ ቅዱስ ጳውሎስን በቤታቸው ተቀበሉ፤ አጵሎስንም የጌታን መንገድ አጥርተው አስተማሩት። ከአገራችን ደግሞ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች፣ ካህኑ ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኃረያ፣ በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ይዘክሩ እንደነበር ገድሉ ይናገራል። ቅዱስ ላሊበላና ባለቤቱ መስቀል ክብራም ሁለቱም ቅዱሳን ናቸው፤ ቤተ አባ ሊባኖስን ያሳነጸችው እሷ እንደሆነች ትውፊቱ ያስረዳል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን በደንብ የምናውቀው በነገሥታቱ በኩል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ሳሉ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ፤ ከእሷም ጋር ቆረቡ። በዚያ ዘመን ባለሥልጣን ብዙ ቁባት መያዙ የተለመደ ነበር። እሳቸው ግን በአንዲት ሚስት ጸኑ፤ ወታደሮቻቸውም እንደዚያው እንዲኖሩ አዘዙ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ሳይቀር ለትዳራቸው ታማኝ መሆናቸውን ጽፏል። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእሷ ሞት በኋላ የንጉሡ ጠባይ እየከፋ ሄደ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ምኒልክና ጣይቱ ደግሞ ገና ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ፣ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ተጋቡ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር አይተው ነበር። ያለፈ ታሪክ ያለው ሰው በንስሐ ተመልሶ ቁርባን ሊያስር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የታወቀ ምሳሌ የለም። ልጅ አልወለዱም፤ ትዳሩ ግን አልተናጋም። እንጦጦ ማርያምን የመሰለ ደብር በዘመናቸው ታነጸ፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚያው ነው። ዮሐንስ አራተኛ በኢየሩሳሌም ያስጀመሩት ደብረ ገነት የተፈጸመው በምኒልክ ጊዜ ሲሆን፣ እቴጌይቱም በቅድስት ከተማ ለኢትዮጵያውያን ማረፊያ ቤት አሠርተዋል። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ጣይቱ እንጦጦ ወጡ። ዕድሜያቸውን በማርያም ደጅ ጨርሰው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አሁን ሁለቱም በታዕካ ነገሥት በዓታ ናቸው።

አፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ከ1903 ዓ.ም. እስከ እቴጌይቱ ዕረፍት 1954 ዓ.ም. ድረስ 50 ዓመት ያህል በትዳር ኖረዋል። የደርግ ዘመን ለእምነት ሕይወት ከባድ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ተጠናከሩ። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በግቢ ጉባኤ፣ ማለት በተማሪዎች የሃይማኖት ትምህርት ጉባኤ፣ መማር ጀመሩ። በተክሊል መጋባት በወጣቱ ዘንድ ምኞትም ክብርም ሆነ። ዛሬ በየደብሩ የሚታዩት ብዙ ጥንዶች መዝሙር ሲያጠኑ ወይም ኮርስ ሲማሩ የተዋወቁ ናቸው። ከተጋቡ በኋላ አገልግሎቱ ሲቀዘቅዝ ይታያል፤ ሥራው፣ የቤት ኪራዩ፣ ልጁ። የጸኑት ግን ብዙ ሠርተዋል። አንዱ ልጅ ይዞ ሌላው ያስተምራል፤ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። በገጠር ያሉ የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት እንዲከፈቱ ከደመወዛቸው እየቀነሱ የሚረዱም አሉ።

የቤቱ ሕይወት የሚመራው በንስሐ አባት ነው። ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ቢይዙ ይመረጣል። አባ ሲመጡ ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፤ ሁለቱን ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራሉ። ማታ ውዳሴ ማርያም ይጸለያል። ጸሎቱ ለሰባቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ ለጥንዶች ይመቻል፤ እሷ ስታነብ እሱ ይከተላል፣ በማግስቱ እሱ ያነባል። ጾም ሲገባ ከምግቡ በተጨማሪ መኝታም ይጾማል። ይህ ደግሞ በስምምነት ነው፤ ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 እንዳለው፣ ለጸሎት ለመትጋት፣ ለጊዜው። ለመቁረብ ሲሆን ከቁርባን በፊት 3 ቀን፣ በኋላም 2 ቀን መታቀብ የተለመደ ትምህርት ነው። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት አብሮ መጾም ሰውን ያስተዋውቃል። ሲርበው የሚቆጣው ማን እንደሆነ፣ የሚታገሠውም ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሌላው የአገልግሎት ቦታ የጽዋ ማኅበር ነው። አባላቱ በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በተራ ይጠጣሉ፤ አስተባባሪው ሙሴ ይባላል። ተራው የደረሰው ቤት ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ነዳያንንም ይመግባል። ሥራው ከሳምንት በፊት ይጀምራል። ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ ይታጠናል። ድካሙ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በሚስት ላይ ነው፤ ምስጋናው ግን ለባልየው ይሄዳል። ይህ መታረም አለበት። ባልየው ዕቃ የሚያጥብበት፣ የሚያስተናግድበት ቤት አሁን አሁን እየበዛ ነው፤ ደግም አድርገዋል።

ለካህናት ሕጉ ይጠብቃል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ በተክሊል ያገባል፣ ወይ ይመነኩሳል። ቄስ ከሆነ በኋላ ማግባት የለም። ስለዚህ ሚስቱ የክህነቱ ግማሽ ናት ቢባል አይበዛም። ቀዳሽ በሆነበት ሌሊት ቤቱን የምትጠብቀው፣ ለኀዘንተኛው በሯን የምትከፍተው እሷ ናት። ስለ እነዚህ እናቶች የተጻፈ ነገር ማነሱ ያሳዝናል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ያጸድቃል፤ ለሁለቱም ወገን 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ፍቺን በተመለከተ ፍርድ ቤት የሚያየውና ቤተ ክርስቲያን የምታየው ይለያያል። ቤተ ክርስቲያን ከዝሙት በቀር ምክንያት አትቀበልም የሚለው የታወቀ ነው። ፍትሐ ነገሥት ግን ሌሎች ምክንያቶችንም ይዘረዝራል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች ባለትዳሮች የአገልግሎቱ ምሰሶ ናቸው። ኪራዩን የሚያዋጡት፣ ቅዳሜ ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥሩት፣ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው።

ከሁለቱ አንዱ ሲያርፍ የቀረው ሰው 40ውን ተዝካር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ምእመን ቢፈልግ በመዓስባን ጸሎት ዳግም ማግባት ይችላል፤ ቄስ ግን አይችልም። ይመነኩሳል፣ ወይም ክህነቱን ትቶ እንደ ምእመን ይኖራል። ከመበለቶችም ብዙዎች ቆብ ደፍተው በደብሩ ዙሪያ ይቀራሉ፤ ለቁርባን ኅብስት የሚሆነውን መገበሪያ ስንዴ የሚለቅሙትም እነሱ ናቸው።