ፊልድ ጎል ምንድን ነው? መቺዎቹስ እንዴት እንዲህ ጎበዙ?

በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በእጅ ነው። እግር ወሳኝ ከሚሆንባቸው ጥቂት ጊዜያት ዋነኛው ፊልድ ጎል ይባላል። ቡድኑ እስከ መጨረሻው መስመር መድረስ ሲያቅተው ኳሱን መሬት ላይ አቁሞ ይመታል። ኳሱ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ካለፈ 3 ነጥብ ያስገኛል። አግዳሚው 3 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የቋሚዎቹ ርቀት ደግሞ በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ የፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ፣ 5.6 ሜትር ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መቺዎች የሚያገቡት ከሞከሩት ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነበር። ዛሬ ከመቶ 85 ገደማ ያገባሉ። ያውም በጣም እየራቁ። በ1974 ኤንኤፍኤል ቋሚዎቹን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደ ኋላ አንስቶ ሥራውን አክብዶባቸዋል፤ እነሱ ግን መሻሻላቸውን አላቆሙም።

ለዚህ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው እኛ ለምናውቀው እግር ኳስ ነው። ድሮ መቺው ከኳሱ ፊት ለፊት ሮጦ በጫማው ጫፍ ይመታ ነበር። ጣት ኳሱን የሚነካው በትንሽ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ምቱ ትንሽ ካዘነበለ ኳሱ ይሄዳል ወደ ጎን።

ፒት ጎጎላክ ይህን ቀየረው። ቤተሰቡ ከ1956ቱ አብዮት በኋላ ከሃንጋሪ ተሰዶ አሜሪካ የገባ ልጅ ነው። ኳስ መምታት የተማረው በአገሩ ሜዳ ነበርና፣ በ1964 ቡፋሎ ቢልስ የተባለውን ቡድን ሲቀላቀል ከጎን እየመጣ በጫማው ማሰሪያ በኩል ይመታ ነበር። እንዲህ ሲመታ እግር ኳሱን በሰፊው ይነካዋል፤ የዳሌው መዞርም ጉልበት ይጨምራል። ከእሱ በኋላ ሌሎች ስደተኞችና የውጭ ተማሪዎች መጡ። ኖርዌያዊው ጃን ስቴነሩድ ሞንታና የሄደው በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ነው፤ በመጨረሻ ግን በመቺነቱ በ1991 የፉትቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

የድሮው አመታት ወዲያው አልጠፋም። የዋሽንግተኑ ማርክ ሞዝሊ ፊት ለፊት እየመታ በ1982 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ይህን ክብር ያገኘ ሌላ መቺ የለም። በ1986 እሱ ሲያቆም ዘመኑም አበቃ።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ክፍፍሉ ነው። የክሊቭላንዱ ሉ ግሮዛ መቺም ነበር፣ በመስመር ላይ ከባላጋራ ጋር የሚገፋፋ ተጫዋችም ነበር። የዛሬው መቺ ሥራው መምታት ብቻ ነው። ኳሱን ወደ ኋላ የሚልክለትም ለዚሁ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ተቀብሎ መሬት ላይ የሚያቆምለትም ሌላ ተጫዋች አለ። ኳሱ ተልኮ፣ ቆሞ፣ እስኪመታ የሚፈጀው 1.3 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ቅንጅት የሚመጣው በየቀኑ አብሮ በመለማመድ ስለሆነ ክብሩ የሦስቱም ነው እላለሁ። ጣሪያ ያላቸው ስታዲየሞችና ሰው ሠራሽ ሣርም ረድተዋል።

የርቀት ሪከርዱን ብናይ፣ ቶም ዴምፕሲ የቀኝ እግሩ ጣቶች ሳይኖሩት ተወልዶ በ1970 ከ63 ያርድ አገባ፤ 57 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ይህን የሚበልጥ ሰው እስከ 2013 ጠፋ። ያኔ ማት ፕሬተር አየሩ በሚሳሳበት በዴንቨር ከ64 አገባ። በ2021 የጀስቲን ታከር ኳስ አግዳሚውን ነክታ ተሻገረች፤ 66 ያርድ። በ2025 ደግሞ ካም ሊትል 68 አደረሰው።

ሊጉም ለውጡን ተቀብሏል። ከተችዳውን (ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ከማለፍ) በኋላ የሚመታው የአንድ ነጥብ ምት መሳቱ ቀርቶ ስለነበር፣ በ2015 ወደ 33 ያርድ እንዲርቅ ተደርጓል።