በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት

አገርሺ ትኩሳት ቦረሊያ ሪከረንቲስ በተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በልብስ ቅማል አማካኝነት ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት በሽታ ነው። ቀድሞ በአውሮፓና በእስያም ብዙ ሕዝብ የፈጀ ሲሆን፣ ዛሬ ጸንቶ የሚገኘው በዋናነት በኢትዮጵያና በአጎራባቾቿ ነው።

የወባ ትንኝ ተውሳኩን በምራቋ ስታስገባ፣ ቅማል ግን በሽታውን የምታስተላልፈው በንክሻዋ አይደለም። የበሽተኛ ደም የመጠጠች ቅማል ባክቴሪያውን በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ይዛ እስክትሞት ትኖራለች፤ ፈሳሹ የሚወጣው ሰው ሲያክክ ስትጨፈለቅ ወይም በሁለት አውራ ጣት ጥፍሮች መካከል ስትደፈጠጥ ነው። ከዚያም በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ቅማል የሚያተኩስ ገላ ስለማይስማማት ወደ ጤነኛው ትሻገራለች፤ ተፋፍገው በሚያድሩ ሰዎች መካከል በሽታው የሚፈጥነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የልብስ ቅማል ቅጫሟን የምትጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ በመሆኑ፣ ቅያሪ ልብስና ውሃ የሌለው ሰው በቀላሉ አይገላገላትም። በደጋው አገር፣ በተለይም በክረምት፣ የጎዳና ተዳዳሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ እስረኞችና የአብነት ተማሪዎች በብዛት ይጠቃሉ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን በተፈናቀሉት ወታደሮች መካከል ከባድ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በተሻገሩ ስደተኞች ላይ ታይቷል።

ሕመሙ በድንገተኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ በከፍተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጀምራል፤ ነስርና የዓይን ቢጫ መሆንም ሊከተሉ ይችላሉ። ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ ጋብ ብሎ ዳግም የሚያገረሸው ባክቴሪያው የላይኛውን ፕሮቲኑን እየለወጠ ከሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ ነው። ከወባና ከተስቦ ጋር መመሳሰሉ ያሳስታል፤ ነገር ግን ለወባ በተዘጋጀው የደም ስላይድ ላይ ባክቴሪያው በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ተጠማዘዘ ክር ሊታይ ስለሚችል፣ የጠንቃቃ ላቦራቶሪ ባለሙያ ዓይን ብዙ ዋጋ አለው።

ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን አንድ ጊዜ መስጠት አብዛኛውን ሕመምተኛ ይፈውሳል። ይሁንና ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት፣ መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ እንቅጥቅጥና የትኩሳት መናር፣ ቀጥሎም የደም ግፊት መውረድ ያጋጥማል። ይህ ምላሽ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ መርፌ ወግቶ ወዲያው ማሰናበት አይገባም። ልብሱም በፈላ ውሃ ካልታጠበ ወይም ስፌቱ በጋለ ካውያ ካልተተኮሰ፣ የዳነው ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል።