«ፈርሜያለሁኮ!» በክሬዲት ካርድ ላይ ስለተጫነው ኢንሹራንስ የምሰማቸው ስህተቶች

ለንደን ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወገኖቼ የባንክ ደብዳቤ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ አንድ ቃል ያንገበገበኝ የለም፦ «ፈርሜያለሁኮ!»

ነገሩ ፒፒአይ ይባላል። የእንግሊዝ ባንኮች ከክሬዲት ካርድና ከብድር ጋር አብረው ይሸጡት የነበረ ኢንሹራንስ ነው። ብትታመሙ ወይም ሥራ ብታጡ ወርሃዊ ክፍያችሁን ይሸፍናል ተብሎ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ለማይጠቅመው ሰው ተሸጠ። ሳይነገረው የተጫነበትም አለ። ባንኮቹ በመጨረሻ ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለደንበኞች መልሰዋል።

«ከፈረምኩ ጥፋቱ የኔ ነው።» አይደለም! ጥያቄው ፈርማችኋል ወይ አይደለም። ሲሸጡላችሁ ምን አሏችሁ ነው። «ያለሱ ካርዱ አይሰጥም» ብለዋችሁ ነበር? ቅጹ ላይ ሳጥኑ ቀድሞ ምልክት ተደርጎበት መጣ? የቆየ ሕመም እንዳለባችሁ ሳይጠይቁ፣ የቆየ ሕመም የማይሸፍን ውል ሸጡላችሁ? ከነዚህ አንዱ ካለ አሻሻጡ ጥፋት አለበት፤ ፊርማው አያድነውም።

አንድ የሚኒካብ ሹፌር ስቴትመንቶቹን በፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈልኝ። ከቤንዚንና ከአስቤዛው በታች አንዲት መስመር አለች። በየወሩ አለች። ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ዕዳ 79 ፔንስ። ዕዳው 2,000 ፓውንድ በነበረበት ወር 15 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ወስዳበታለች። እሷም ዕዳው ላይ ተደምራ ወለድ ትወልዳለች። «ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «የካርዱ ክፍያ መስላኝ» አለኝ።

ይህ ሰው የራሱን ሥራ የሚሠራ ነው። የሚያባርረው አለቃ የለውም። ውሉ ደግሞ ለእንደሱ ዓይነቱ ሥራ ማጣትን የሚሸፍነው ሥራውን ጨርሶ ለመዝጋት ከተገደደ ብቻ ነበር። ገበያ ቢቀዘቅዝበት አምስት ሳንቲም አያገኝም። እንዲህም ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ «ፈርሜያለሁኮ፣ በምን አፌ?» እያለ አስቸገረኝ። ይገባኛል። የፈረመበትን መካድ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ግን ቅሬታ ማቅረብ ፊርማን መካድ አይደለም። በስንት ልመና አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። የከፈለው አረቦን (የኢንሹራንሱ ክፍያ) ከነወለዱ፣ በላዩም በዓመት 8 በመቶ ተጨምሮበት ተመለሰለት። ስንቱ ግን በዚሁ ቃል ታስሮ ቀረ!

«ቅሬታ ካቀረብኩ ክሬዲቴ ይበላሻል።» አይበላሽም። ያልተከፈለ ውዝፍ ካለባችሁ ግን ባንኩ ካሳውን ከውዝፉ ጋር ሊያቻችለው ይችላል።

«ወረቀቱን ጥያለሁ።» ባንኩ ጋ መዝገብ ሊኖር ይችላል። የድሮ አድራሻችሁንና የልደት ቀናችሁን ጽፋችሁ ጠይቁ። ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለራሳችሁ የያዙትን መረጃ መጠየቅ በነፃ ነው።

«ያለ ወኪል አይሆንም።» ይህም ያናድደኛል። ለባንኩ ቅሬታ መጻፍ ነፃ ነው። ባንኩ እምቢ ካለ የሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማንም ከደንበኛ ምንም አይቀበልም። አንዲት እህቴ ግን ከመጣላት ገንዘብ ሲሶው በወኪል ተወስዶባታል። ወኪሉ የሠራው ቅጽ ሞልቶ መላክ ነው። የወኪሎች ክፍያ በ20 በመቶና በታክሱ የተገደበው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለእሷ ዘግይቷል።

«አሁንም እንደ ድሮው ማመልከት ይቻላል።» አይቻልም። ለባንክ ቅሬታ የማቅረቢያው ቀን ነሐሴ 29 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) አልፏል። በጽኑ ሕመም እንደ መተኛት ያለ ልዩ ምክንያት ካልሆነ ባንኩ የማየት ግዴታ የለበትም።

«እንግዲያው ሁሉም በር ተዘግቷል» ማለትም ስህተት ነው። ፍርድ ቤት ቀርቷል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌቪን በሚባለው ጉዳይ ከአረቦኑ 71.8 በመቶው ኮሚሽን ሆኖ ሳለ ለደንበኛዋ አለመነገሩ ኢፍትሐዊ ነው ብሏል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በክሬዲት ካርድ ጉዳይ፣ ለመክሰስ የተሰጠው የ6 ዓመት ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው የካርዱ ውል ካበቃበት ቀን ነው አለ። ኢንሹራንሱ ቀድሞ ቢቋረጥም ማለት ነው። ስለዚህ ካርዱ መቼ እንደተዘጋ አጣሩ። ክስ ግን ወጪ አለው። ከመግባታችሁ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ሄዳችሁ አማክሩ፤ ምክሩ ነፃ ነው።

ስልክ ደውሎ «ካሳችሁ ተገኝቷል፣ ለማስለቀቂያ ትንሽ ክፈሉ» የሚል ሰው ሌባ ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናታችን መነጽራቸውን አድርገው የባንክ ካርዳቸውን ቁጥር ማንበብ ጀምረው ነበር። ስምንተኛው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ገብታ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀች።