የሰርቨር ሎግን ከመተግበሪያ ኮድ ማበጀት ምንድን ነው?

አንድ ደንበኛ በድረ ገጽ ክፍያ ሊፈጽም ሞክሮ «ክፍያው አልተሳካም» የሚል ገጽ ወጣለት እንበል። ገጹን የሚያደርሰው ሰርቨር በሎጉ፣ ማለትም እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ መስመር በሚመዘግብበት ፋይል ላይ የሚያሰፍረው ግን ይህን ነው፦ አድራሻ 192.0.2.17፣ የክፍያ ገጽ፣ ውጤት 200፣ መጠን 5316 ባይት። 200 ብሮውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በኤችቲቲፒ ደንብ «ተሳክቷል» ማለት ነው። ሰርቨሩ አልዋሸም፤ ገጹን በደንብ አድርሷል። በገጹ ላይ ምን እንደተጻፈ ማወቅ የእሱ ሥራ አይደለም።

ያንን የሚያውቀው መተግበሪያው፣ ማለትም ገጹን የሚያዘጋጀው ኮድ ነው። እንግዲህ የሎግ መስመርን ከኮድ ማበጀት ማለት መተግበሪያው ከሚያውቀው ጥቂቱን፣ ለምሳሌ የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር ወይም ክፍያው መሳካት አለመሳካቱን፣ ሰርቨሩ በሚጽፈው በዚያው መስመር ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ሌላ የሎግ ፋይል መክፈት አይደለም። የተለመደው የሎግ አጻጻፍ ለተጠቃሚ ስም የተተወ ቦታ አለው፤ ነገር ግን የሚሞላው ተጠቃሚው በኤችቲቲፒ በራሱ የማረጋገጫ ዘዴ ሲገባ ብቻ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚገባው በመተግበሪያው የመግቢያ ቅጽ ስለሆነ ቦታው በሰረዝ ብቻ ተይዞ ይቀራል።

ነገሩን የሚቻል ያደረገው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ሰርቨሩ መስመሩን የሚጽፈው ጥያቄው እንደ ደረሰ ሳይሆን ምላሹን ልኮ ከጨረሰ በኋላ ነው። እንዲያ ባይሆን ኖሮ የውጤቱን ቁጥርም ሆነ የተላከውን የባይት መጠን ከየት ያመጣ ነበር? በመካከል ኮዱ ይሠራል፤ በዚያን ጊዜም ማስታወሻ ሊያቀብለው ይችላል።

አፓቺ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጥያቄ የውስጥ ማስታወሻዎች ሰንጠረዥ ይይዛል። የድረ ገጽ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ፒኤችፒ የአፓቺ ሞጁል (በውስጡ የሚሠራ ክፍል) ሆኖ ሲሠራ «አፓቺ ኖት» በሚባለው ፈንክሽን ስምና ዋጋ እዚያ ያስቀምጣል፤ የሎጉ ቅርጽ በተደነገገበት መስመር ላይ ያንኑ ስም መጥራት ይበቃል። ፒኤችፒ ራሱን ችሎ ከሰርቨሩ ውጭ ሲሠራ ግን ሰንጠረዡ አይደረስበትም። ያኔ መንገዱ የምላሽ ሄደር፣ ማለትም ከገጹ በፊት የሚላክ አጭር የመረጃ መስመር ነው፤ መተግበሪያው መለያውን በሄደር ይልካል፣ ሰርቨሩ አንብቦ ሎጉ ላይ ይጽፈዋል፣ ወደ ጎብኚው ከመሄዱ በፊትም ያስቀረዋል። ኤንጂንኤክስ የተባለው ሌላ ሰርቨር ሄደሩን ከጎብኚው ደብቆም ለሎግ ሊጠቀምበት ይችላል። አፓቺም ከ2.4.7 ስሪት ጀምሮ ሄደሩን ወደ ማስታወሻ የሚቀዳ ትእዛዝ አለው፤ ከዚያ ሄደሩን መሰረዝ ነው። ስረዛው ከተረሳ የውስጥ መለያችሁ የጎብኚው ብሮውዘር ድረስ ይሄዳል።

የማይክሮሶፍቱ ሰርቨር አይአይኤስ ከክላሲክ ኤኤስፒ (የማይክሮሶፍት የቀድሞ የድረ ገጽ ኮድ መጻፊያ) ዘመን ጀምሮ ለዚሁ የተሠራ ትእዛዝ አለው። ጽሑፉ ከ80 ፊደላት እንዳይበልጥ፣ ኮማም እንዳይኖርበት ይጠይቃል። የሚጨምረው ግን በአድራሻው ውስጥ ከ«?» በኋላ ያለው ክፍል በሚመዘገብበት መስክ ጫፍ ላይ ነው፤ ጎብኚው የላከውና ኮዱ የጨመረው በአንድ መስክ ይቀላቀላሉ። ይህ ለእኔ ደካማ ምርጫ ነው፤ ሎጉን የሚያነብ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ በግምት መለየት ይኖርበታል።

ምን ይጻፍ? አጭር መለያና አጭር ውጤት። የይለፍ ቃል፣ የካርድ ቁጥር፣ የኢሜይል አድራሻ በፍጹም አይጻፍ፤ ሎግ ይገለበጣል፣ በመጠባበቂያ ይቀመጣል፣ ብዙ ሰውም ያየዋል። ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ ሳያጸዱ ማሳለፍም አደጋ አለው፤ በውስጡ የመስመር መስበሪያ ካለና ሰርቨሩ ራሱ ካላጸዳው አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ የሐሰት መዝገብ ሊፈጠር ይችላል።

ማስታወሻ ባልተቀመጠበት መስመር ላይ አፓቺ ሰረዝ ይጽፋል። ለምስልና ለስታይል ፋይል ይህ ጤናማ ነው፤ እነርሱ ብዙውን ጊዜ በኮዱ በኩል አያልፉም። በክፍያ ገጽ መስመር ላይ ሰረዝ ከታየ ግን ኮዱ ማስታወሻውን ሳያስቀምጥ መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተጠቃሚው መለያ እንደታወቀ ወዲያውኑ ይቀመጥ፤ ውጤቱ በኋላ ይጨመር።