ሳሲ ምንድን ነው? የማሉኩ መንደሮች ባሕርና ዛፍ የሚዘጉበት ደንብ

በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ በማሉኩ ደሴቶች፣ ባሕር ዳር ከቆመ የኮኮናት ዛፍ ግንድ ላይ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ታስሮ ከታየ ያ ዛፍ ተዘግቷል ማለት ነው። ፍሬው ተንዠርግጎ ቢያጓጓም ማንም አይወጣበትም። ባለቤቱም ቢሆን አይወጣም። ያው ቅጠል በቀርከሃ ጫፍ ታስሮ ወገብ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ከተተከለ ደግሞ የተዘጋው ባሕሩ ነው። ዘበኛም አጥርም አይታይም፤ ቅጠሉ ብቻ ይበቃል።

ይህ ደንብ ሳሲ ይባላል። አንድን ሀብት፣ ድንበሩ በታወቀ ቦታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማንም እንዳይነካው መንደሩ በጋራ የሚከለክልበት ልማድ ነው። መዝጋቱን «ቱቱፕ ሳሲ»፣ መክፈቱን «ቡካ ሳሲ» ይሉታል። በኬይ ደሴቶች «ሐዌር» የሚል ስም አለው፤ በምዕራብ ፓፑዋ ራጃ አምፓት ድረስም ይሠራበታል። የመንዝን ጓሳ የቄሮ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ እዚያ ሣሩ ይዘጋል፣ እዚህ ባሕሩ።

ሳሲ ብዙ ጊዜ «ጥንታዊ የተፈጥሮ ጥበቃ» እየተባለ ይወደሳል። ውዳሴው ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። ለመንደሩ ሰው ሳሲ ከሁሉ በፊት የሌብነትና የጥድፊያ መድኃኒት ነው። ይህን ለማየት ከባሕሩ በፊት ከኮኮናቱ መጀመር ይሻላል።

የኮኮናት ዛፍ በየወሩ ገደማ አንድ አዲስ ዘለላ ያወጣል፤ አንድ ፍሬ ለኮፕራ እስኪደርስ ግን ከ11 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ኮፕራ ማለት ከፍሬው ውስጥ ወጥቶ የደረቀው ነጩ ሥጋ ነው፤ ዘይት የሚጨመቀው ከእሱ ነው፤ ለብዙ ትንንሽ ደሴቶችም ዋናው የገንዘብ ምንጭ ነው። 1 ኪሎ ኮፕራ ለማግኘት ከ4 እስከ 6 ፍሬ ያስፈልጋል። ትኩሱ ሥጋ ግማሽ ያህሉ ውኃ ስለሆነ በፀሐይ ወይም በጭስ ደርቆ እርጥበቱ ወደ 6 ወይም 7 በመቶ መውረድ አለበት። ያልበሰለ ፍሬ ከተቆረጠ ሥጋው ሲደርቅ እንደ ጎማ ይለመጣል፣ ይሻግታል፣ ነጋዴውም ዋጋ ይቆርጥበታል።

ታዲያ ያልበሰለውን ማን ይቆርጣል? ጎረቤቱን ያላመነ ሁሉ። ሰኞ ያየው ፍሬ ዓርብ እንዳይጠፋበት የሚሰጋ ገበሬ «እኔ ካልወሰድኩት ሌላው ይወስደዋል» ብሎ ጥሬውን ያወርዳል። ሁሉም እንዲህ ሲያደርግ የመንደሩ ኮፕራ በሙሉ ይረክሳል። ሳሲ ሦስት ወይም ስድስት ወር ሲዘጋ ይህን ፍርሃት ያነሳል፤ በዚያ ጊዜ ዛፍ ላይ የታየ ሰው ያለ ክርክር ጥፋተኛ ነው። ባለቤቱ ጭምር የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሱ ይውጣ ከተባለ «የአጎቴ ዛፍ ነው»፣ «አስፈቅጃለሁ» የሚሉ ሰበቦች ይከተላሉ፤ ዘበኛውም በሩቅ አይቶ መፍረድ አይችልም። ማንም አይውጣ ሲባል ግን አንድ ልጅም አይቶ ይፈርዳል።

በአምቦንና በአካባቢው ደሴቶች ባለ ልማዱ መንደር «ነገሪ» ይባላል። አለቃው «ራጃ» ነው፤ ንጉሥ ማለት ቢሆንም እዚህ የሚገዛው አንድ መንደር ነው። ከጎኑ «ሳኒሪ» የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ። መንደሩ «ሶዋ» በሚባሉ የጎሳ ምድቦች ይከፈላል፤ የመሬቱና የባሕሩ ይዞታ ደግሞ «ፔቱዋናን» ይባላል። ሳሲን የሚያስፈጽሙት ግን «ኬዋንግ» ናቸው። ድንበሩን ያውቃሉ፣ ይዞራሉ፣ አጥፊ ይይዛሉ፣ ይቀጣሉ። በአንዳንድ መንደር የየብስ ኬዋንግና የባሕር ኬዋንግ ለየብቻ ናቸው። አዋጁን በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያሰማው «ማሪኞ» ነው። የባሕሩ ድንበር በካርታ አይነገርም፤ «ከዚያ ቋጥኝ እስከዚያ ዛፍ፣ ወደ ውጭ ደግሞ ኮራሉ ወደ ጥቁሩ ውኃ እስከሚወርድበት» ይባላል፤ ኮራል ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ከውኃ በታች ያለ ዓለት ነው። የሚታይ ምልክት ስለሆነ ማንም «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

ከሁሉ የታወቀው የሃሩኩ ሳሲ ነው። ሃሩኩ ከአምቦን በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ከመንደሮቿ አንዱም በዚሁ ስም ይጠራል። የመንደሩ ኬዋንግ እ.ኤ.አ. በ1985 የኢንዶኔዥያን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ካልፓታሩን ተቀብሏል። የተዘጋው ሀብት «ሎምፓ» የሚባል፣ ትንሽ ብርማ ዓሣ ነው። ሎምፓ ልዩ ጠባይ አለው፤ ቀን ቀን ሌያሪሳ ካዬሊ ወደሚባለው ወንዝ ገብቶ ይውላል፣ ሲመሽ ወደ ባሕር ወጥቶ ይመገባል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። ጫጩቶቹ በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ባሕር ዳር ይታያሉ። ያኔ ኬዋንጎች ማታ እሳት አንድደው፣ ቃለ ውግዘት አሰምተው ሳሲውን ያጸናሉ፤ ጫጩቶቹም ከአንድ እስከ ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ወደ ወንዙ መግባት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ከታዩበት ጊዜ አንሥቶ ከ5 እስከ 7 ወር ሎምፓ አይነካም።

ደንቡ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ወንዙንም ይጠብቃል። ጀልባ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ወንዙ አይገባም፤ ድምፁ መንጋውን ያስበረግጋል። የወጥ ቤት ዕቃ በወንዙ አይታጠብም። ቆሻሻ ከዳርቻው 4 ሜትር ያህል ርቆ፣ ኬዋንግ ባሳየው ቦታ ብቻ ይጣላል። አንዲት ክፍተት ግን አለች፤ ለማጥመጃ ምግብ ሎምፓ የፈለገ ሰው በመንጠቆ መያዝ ይችላል፣ ወንዙ ውስጥ ግን አይሆንም። ይህች ክፍተት ብልህነት ናት፤ ባይኖር ኖሮ ትልቅ ዓሣ የሚያጠምደው ሁሉ በየቀኑ ደንብ አፍራሽ ይሆን ነበር። ያጠፋ ጎልማሳ መቀጮ ይከፍላል። ልጅ ከሆነ በራታን አርጩሜ አምስት ጊዜ ይገረፋል፤ አምስቱ የመንደሩ የአምስቱ ሶዋዎች ምሳሌ ናቸው።

መክፈቻው ዕለት ሥራው ከንጋት በፊት ነው። ኬዋንጎች «ቲፋ» የሚባለውን ከበሮ ይመታሉ። በወንዙ አፍ ላይ የደረቀ የኮኮናት ቅጠል ያበራሉ፤ ዓሣው ብርሃኑን ተከትሎ ከሚሞላው ባሕር ጋር ወደ ወንዙ ይገባል። ባሕሩ መጉደል ሲጀምር መውጫው በመረብ ይታጠራል። ከዚያ የመጨረሻው ከበሮ ይመታና ሽማግሌውም ሕፃኑም መረቡን ይዞ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከሚያዘው ላይ ለወላጅ አልባ ልጆችና ባል ለሞተባቸው ሴቶች ድርሻ ይነሣል። የተረፈው ጨው ይነካውና ይደርቃል። መክፈቻው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ወዲያው ይዘጋል።

ሳሲ ለሁሉ የባሕር እንስሳ አይበጅም። ቱና ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ደሴት ነው፤ ለእሱ በር መዝጋት ነፋስን እንደ መቆለፍ ነው። ሳሲ የሚያተርፈው የማይርቅ ወይም ወደ አንድ ቦታ የሚመለስ ሀብት ላይ ነው። ለምሳሌ «ሎላ»፣ ሾጣጣ ቅርፊት ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ማዕበል በሚመታው ኮራል ላይ፣ አብዛኛው ከ10 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ይኖራል። የቅርፊቱ የውስጥ ገጽ ስለሚያብረቀርቅ የልብስ ቁልፍ ይሠራበታል። ከእንቁላል የወጣው እጭ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ከሚወለደው ብዙው እዚያው አካባቢ ይሰፍራል፤ ስለዚህ የዘጋው መንደር የራሱን ልጆች ያገኛል። ሴቴውም ወንዴውም ዘራቸውን ወደ ውኃ ስለሚለቁ ግን ተራርቀው ከቀሩ አይገናኙም። ሁለት ሦስት ዓመት ተዘግቶ የቆየ ኮራል በአንድ መክፈቻ ተጠራርጎ ከተለቀመ ቀጥሎ የሚመጣው መዝጊያ ባዶ ቤት መቆለፍ ነው።

ስለዚህ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ባሕሩ በተዘጋበት ሳይሆን በተከፈተበት ሳምንት ነው። ሎላ መራባት የሚጀምረው የቅርፊቱ መሠረት ስፋት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት የተቀደደ ሳንቃ ለመለኪያ ይበቃል፤ በቀዳዳው ያለፈው ይመለሳል። ሲመለስም ከጀልባ ተወርውሮ አይደለም። አሸዋ ላይ ተገልብጦ ከወደቀ እስኪቃና ድረስ አዳኝ ይበላዋል፤ ቀጥ ብሎ ኮራሉ ላይ መቀመጥ አለበት።

የባሕር ኪያር፣ በአገሩ «ቴሪፓንግ»፣ ሌላ ጣጣ አለው። ገበያው ቻይና ነው፣ ዋጋውም ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን የሆድ ዕቃው ወጥቶ ቶሎ ካልተቀቀለ ይቀልጣል፣ ይሸታል። ሲደርቅ ክብደቱ ከትኩሱ አንድ አሥረኛ በታች ይሆናል። መንደሩ ያሉት ድስቶችና የማገዶው ብዛት ከሚያዘው ካነሱ ትርፉ ባሕር ዳር ይበሰብሳል። ዝናብ ከመጣም ይሻግታል። በአምቦንና በሃሩኩ ዙሪያ የምሥራቁ ነፋስ በሰኔና በሐምሌ ከባድ ዝናብ ያመጣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ የምዕራቡ ነፋስ ባሕሩን ያናውጣል። አስተዋይ ኬዋንግ ለዚህ ዓይነቱ ሀብት መክፈቻውን በሁለቱ መካከል ባለው ጸጥታ ላይ ያደርገዋል።

የሚዘጋው ማን ነው የሚለው ከመንደር መንደር ይለያያል። በልማዱ የሚዘጋው «ሳሲ አዳት» ነው። በክርስቲያን መንደሮች ፓስተሩ በእሑድ ጸሎት ላይ የሚዘጋው «ሳሲ ገሬጃ»፣ የቤተ ክርስቲያን ሳሲ፣ ተስፋፍቷል፤ ሲከፈት ባለቤቱ ከምርቱ ስጦታ ያመጣል። በሙስሊም መንደሮች መስጊዱ ይህንኑ ይሠራል። የለውጡ ምክንያት እምነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቁጥር 5 ሕግ በመላ ኢንዶኔዥያ የመንደር አስተዳደርን አንድ ዓይነት ሲያደርግ ራጃውም ሳኒሪውም በወረቀት ላይ ቦታ አጡ፤ ከጃካርታ በተሰፋ ልብስ መንደሩ ተሸፈነ። ኬዋንግ ሲቀጣ «በምን ሥልጣንህ?» የሚለው ሰው በዛ። ፓስተሩን ግን እንዲህ የሚጠይቀው የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ቁጥር 6 ሕግ ለልማዳዊ መንደሮች እውቅና መልሷል፤ በመካከል ያለፉት ዓመታት ግን ብዙ ኬዋንጎችን ያለ ተተኪ አስቀርተዋል። በራጃ አምፓት፣ ሚሶል ደሴት ላይ ባለችው ካፓትቾል ደግሞ አንድን የባሕር ክፍል የሚዘጉትም የሚከፍቱትም ሴቶች ናቸው።

ሳሲን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የሌሊት ሌባ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ በኮምፕሬሰር አየር እየተነፈሰ የሚጠልቅ የውጭ ሰው በአንድ ሌሊት የመንደሩን የዓመት ምርት ያነሳል፤ ኬዋንጉም ለነዳጅ የሚከፍለው የለውም። ውግዘቱም አይከለክለውም፤ የማያምንበትን አይፈራም። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ብድር ነው። ነጋዴው ሩዝ፣ ነዳጅና ሲጋራ አስቀድሞ በዱቤ ይሰጣል፣ የሚከፈለውም ባሕሩ ሲከፈት ነው። ልጅ የሚያስተምር አባት ወይም በሽተኛ ያለበት ቤት ከተጨነቀ «ይከፈት» የሚለው ድምፅ ከመንደሩ ውስጥ ይነሳል። አንዳንድ ቦታ መብቱ ከመከፈቱ በፊት ለአንድ ነጋዴ በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወይም ለመንደሩ ካዝና ይሆናል፤ የሚጠልቀው ወጣት ግን የቀን ምንዳ ብቻ ይደርሰዋል። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ባሕር በሌሊት የሚጎበኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ወጣት ነው። ይህን ያዩ መንደሮች መክፈቻው ዕለት አንድ ሚዛን ብቻ ባሕር ዳር ያቆማሉ፤ የእያንዳንዱን ሰው ክብደት በሁሉም ፊት ይጽፋሉ፤ ነጋዴውም ዱቤውን ይዞ ከሚዛኑ ማዶ ይቆያል።