በሩን የሳተ አቤቱታ፦ ስለ መብራት፣ መሬትና ውሃ በጎጃም የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ከሞጣ እስከ ዳንግላ፣ ነጋዴ በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሦስት ነገር ላይ ያርፋል፤ መብራት፣ መሬት፣ ውሃ። እኔ በአንድ የወረዳ ከተማ የነጋዴዎች ማኅበር ውስጥ ለዓመታት አቤቱታ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከጻፍኳቸው ብዙዎቹ መልስ ሳያገኙ የቀሩት ጥያቄው አግባብ ስለሌለው አልነበረም፤ ጉዳዩ ለማይመለከተው ቢሮ ስለላክናቸው ነው። የተሳሳትነውም ከዚህ በታች ከማነሳቸው አመለካከቶች አንዱን ወይም ሌላውን እውነት ነው ብለን ይዘን ስለነበር ነው።

«መንግሥትን መወትወት ደጅ መጥናት ነው»

ደጅ ጥናትን አያቶቻችን ያውቁታል። ባለጉዳዩ ማሩን ወይም ሙክቱን ይዞ ከባለሥልጣኑ ደጅ ይሰነብታል፤ ጌታው ሲወጣ ሲገባ እጅ ይነሳል፤ የሚለምነውም ለራሱ ነው። ዛሬም ብዙ ነጋዴ «ውትወታ» ሲባል የሚታየው ይኸው ነው። እንዲያውም ጉቦን በጨዋ ስም መጥራት የሚመስለው አለ።

ሁለቱ አይገናኙም። አንድ ባለወፍጮ «ለእኔ ትራንስፎርመር ይግባልኝ» ብሎ ዘመድ ፈልጎ ቢሄድ ደጅ ጥናት ነው። የከተማው ባለወፍጮዎች ተሰብስበው መብራት የጠፋበትን ሰዓት በየቀኑ መዝግበው፣ ለናፍጣ ያወጡትን ደምረው፣ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢያቀርቡና ቅጂውን ለማንም ለማሳየት ባያፍሩ ግን ውትወታ ነው። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ተጽፏል። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችም የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ ቁጥሩ 341/1995 ነው። የተቋቋሙትም የአባሎቻቸውን ጥቅም እንዲያስጠብቁ፣ በነጋዴውና በመንግሥት መካከል ድልድይ እንዲሆኑ ነው። የአባልነት መዋጮ እየከፈልን ይህን ሥራ የማንጠይቃቸው እኛው ነን።

«ሽቦው በላያችን እያለፈ ጨለማ ውስጥ ያለነው ስለተናቅን ነው»

ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ሽቦው በማሳዬ ያልፋል፤ እኔ ኩራዝ አበራለሁ» ያሉኝ ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው ትልቁ መስመር 400 ኪሎ ቮልት ይሸከማል። ቤት ውስጥ የምንጠቀመው 220 ቮልት ነው፤ ወፍጮ የሚያዞረው ባለሦስት ፌዝ ደግሞ 380 ቮልት። ከዚያ ግዙፍ መስመር ላይ በቀጥታ ቀጥሎ መንደር ማብራት አይቻልም። ኃይሉ መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፤ እዚያ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ከተሞች ይወጣል፤ በመጨረሻ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለቤትና ለወፍጮ ያወርደዋል። ማከፋፈያ ጣቢያ ዋጋው ከባድ ስለሆነ ለአንድ ቀበሌ ተብሎ አይተከልም። ቀበሌው መብራት የሚያገኘው፣ ጣቢያው ሩቅም ቢሆን፣ ከዚያ መካከለኛ መስመር ሲሳብለት ነው። ስለዚህ የአዛውንቱ ጥያቄ «በላዬ ከሚያልፈው ሽቦ ስጡኝ» ሳይሆን «ከቅርቡ ጣቢያ ወደ እኛ የሚመጣው መስመር መቼ ይሳባል?» መሆን አለበት። ለዚህኛው መልስ የሚሰጥ ሰው ይገኛል።

በር የምንስተውም እዚሁ ላይ ነው። ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» ይላል፤ ያ ድርጅት ግን በ2006 ለሁለት ተከፍሏል። ማመንጫውን፣ ትልልቁን መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያውን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከጣቢያው ወዲህ ያለው ምሰሶ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪና ሂሳብ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። እኛ ይህን ሳንለይ የጣቢያ ማስፋፊያና የቆጣሪ ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ደባልቀን ጽፈን ሁለት ዓመት ጠብቀናል። ጥፋቱ የእኛ ነበር። በሁለት ደብዳቤ ከፍለን ስንልክ ነው ነገሩ መንቀሳቀስ የጀመረው።

«የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ ከእንግዲህ የምንጠይቀው የለም»

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እንባ የተናነቀው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። 5150 ሜጋ ዋት ማለት ከጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን ጎተራው ስለሞላ ብቻ እንጀራ ከምጣድ አይወጣም፤ የሚያስፈጭ፣ የሚያቦካ፣ የሚጋግር ያስፈልጋል። ግድቡ ካለበት ከጉባ የሚነሳው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ይጓዛል። ከትልልቁ መስመር እስከ አንድ የደምበጫ ባለወፍጮ ቆጣሪ ድረስ ግን ጣቢያ፣ መካከለኛ መስመርና ትራንስፎርመር አለ፤ መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚቆራረጠውም እዚያ መካከል ነው። ነጋዴው እስከ ትናንት «ይመንጭ» ሲል ነበር። ዛሬ «ይዳረስ፣ አይቆራረጥ» ማለት አለበት። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ውስጥ በቆሎና አኩሪ አተር ለማቀነባበር ለሚያስብ ሰው በቀን ለአንድ ሰዓት የሚጠፋ መብራት የማሽን ብልሽት፣ የተበላሸ ምርትና የሠራተኛ ሥራ ፈትነት ነው።

«ማመንጨት ለግል ባለሀብት አይፈቀድም»

ይፈቀዳል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለግሉ ዘርፍ በፈቃድ በር ከፍቷል፤ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010ም መንገዱን አስፍቶታል። ከዋናው መስመር ርቀው ለሚገኙ ቀበሌዎች በፀሐይ ወይም በትንሽ ወንዝ የሚሠራ አነስተኛ ማመንጫ ማኅበሮቻችን ሊያስቡበት የሚገባ ሥራ ነው።

«መሬቱ የፌዴራል ነው፤ ክልል ምን ያደርጋል?»

ሌላው ደግሞ «መሬቱ የክልሉ ነው፤ ፌዴራል ምን አገባው?» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በአንቀጽ 51 ስለ አጠቃቀሙ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። በአንቀጽ 52 ደግሞ በዚያው ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ የመጋዘን ቦታ የሚጠይቅ ሰው አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድበት ምክንያት የለም፤ ሕጉ ራሱ እንዲሻሻል የሚፈልግ ማኅበር ደግሞ ዞን ላይ ቢጮህ የሚሰማው አያገኝም።

ሕግ እንደሚለወጥ የሚጠራጠር ካለ የብድሩን ነገር ይይ። ገበሬው በይዞታው መበደር አይችልም ነበር። የአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብቱን ለዋስትና እንዲያሲዝ ፈቀደ፤ በኋላም የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይህንኑ አካቶ ወጣ። መሬቱ ዛሬም አይሸጥም። ገበሬው ግን የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር የሚችልበት ሕግ አለ።

«ግሽ ከእኛ ይፈልቃል፤ ውሃውም የክልላችን ነው»

ሰከላ ላይ የግሽ ዓባይን ጸበል ጠጥቶ ያደገ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ሕጉ ግን የሚያየው ወንዙ የሚፈልቅበትን ሳይሆን የሚሄድበትን ነው። በአንቀጽ 51 መሠረት ክልሎችን የሚያገናኝ ወይም የአገር ወሰን የሚሻገር ወንዝና ሐይቅ አጠቃቀም የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ነው። ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ሱዳን ይገባል። በጎጃም ያሉት ገባር ወንዞች ሁሉ ማለት ይቻላል መጨረሻቸው ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን ለእያንዳንዱ ባልዲ ውሃ ሚኒስቴር ይጠየቃል ማለት አይደለም። ሰው በተሳሳተ ፍርሃት ብዙ ነገር ይተዋል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖን፣ ባህላዊ የከብት እርባታንና የውሃ ወፍጮን ከፈቃድ ነፃ አድርጎ ነው የወጣው። ፈቃድ የሚያስፈልገው ከዚህ ከፍ ላለው ነው። ለመጠጥና ለቤት የሚውል ውሃም ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ አለው፤ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት ይህን አውቆ ቢገባ በኋላ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር አይጣላም።

«ተርባይን ውሃ ይበላል»

አይበላም። ውሃው ተርባይኑን አዙሮ ይወጣል እንጂ አያልቅም። መስኖ ግን ውሃውን ለሰብሉ ይሰጣል፤ መራዊ ላይ ቆጋ 7000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መክሰስ ስህተት ነው።

ሆኖም «አይበላም» ብሎ ማቆምም ትክክል አይደለም፤ ወሳኙ ውሃው የሚወጣበት ቦታ ነው። በግንቦት 2002 የተመረቀው ጣና በለስ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከኩንዝላ በኩል ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። በለስ ታች ወርዶ ከዓባይ ይገናኛል፤ ለሕዳሴው ግድብ የሚጎድል ነገር የለም። የሚጎድለው ከባሕር ዳር በታች ላለው የዓባይ ክፍል ነው። ጢስ እሳት ፏፏቴን በልጅነቱ ያየና ዛሬ በበጋ የሚያየው ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በዚያ አካባቢ የሚያስጎበኙ ወጣቶች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ በሐይቁ ላይ ጀልባ የሚያሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሁሉ ኑሯቸው ከሐይቁ ከፍታና፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በኩል ከሚለቀቀው ውሃ ጋር የታሰረ ነው።

እኔ ይህን የማነሳው ማመንጫው ይዘጋ ለማለት አይደለም፤ የጎጃም ፋብሪካዎችም የሚበሩት በእሱ ነው። የባሕር ዳር ሆቴሎች፣ የጀልባ ማኅበራትና የቆጋ መስኖ ተጠቃሚዎች ግን ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አንድ የጋራ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ፦ በየወሩ ከጣና ወደ በለስ የሚሄደው ስንት ነው፣ በጨረጨራ የሚለቀቀው ስንት ነው፣ ሁለቱም ቁጥሮች ሁሉም በሚያያቸው ቦታ ይለጠፉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም።