«ካልጮኸ ጤነኛ ነው» እና ሌሎች ስለ ከባድ ናፍጣ ሞተር ቫልቮላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የከባድ መኪና ሞተር ከላይ «ጠቅ ጠቅ» ማለት ሲጀምር ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፤ «ቫልቮላው ላልቷል፣ ይጥበቅ»። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ጉዳዩ አለቀ ይባላል። በዚህ አካሄድ ስንት ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ተበላሽቷል! ከካምሻፍት (ጉብታዎቹ ቫልቮላውን የሚያስከፍቱት ዘንግ) እስከ ቫልቮላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መዝጊያ) ባለው መስመር ላይ ደጋግመው የሚሰሙ ስህተቶችን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ካልጮኸ ጤነኛ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቫልቮላውን በሚገፋው ክንድ (በሮከር አርሙ) እና በቫልቮላው ግንድ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ይጮኻል። ሲጠብ ግን ዝም ይላል።

መበላት ሁለት አቅጣጫ አለው። የካምሻፍቱ ጉብታ (ካሙ)፣ በላዩ የሚንከባለለው ሮለር ወይም የሮከሩ ጫፍ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል። የቫልቮላው ፊትና መቀመጫው ሲበሉ ደግሞ ቫልቮላው ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ይሄዳል፤ ግንዱም ወደ ሮከሩ ይጠጋል፤ ክፍተቱ ይጠባል። ሞተሩ እየተበላ ድምፁ እያማረ ይመጣል ማለት ነው። በመጨረሻ ክፍተቱ ሲያልቅ ግንዱ ሞቆ ይረዝማል፣ ቫልቮላውም መቀመጫው ላይ በደንብ መዝጋት ያቅተዋል። የጭስ ማውጫ ቫልቮላ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያወጣው መቀመጫውን ሲነካ ነው። መንካቱ ከቀረ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ትኩስ ጋዝም በዚያ በኩል ቦይ ይቆፍራል።

የጭስ ማውጫው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከአየር ማስገቢያው የሚሰፋውም ለዚህ ሙቀት ሲባል ነው። ለምሳሌ በኩሚንስ 6ቢቲ ሞተር ማስገቢያው 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ማውጫው 0.51 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የዚያ ሞተር ልክ ነው፤ ወደ ሌላ ሞተር አይወሰድም።

አንድ ልማድ አጥብቄ እመክራለሁ። ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት የነበረውን ልክ ለእያንዳንዱ ቫልቮላ ጻፈው። ካለፈው ማስተካከያ ወዲህ ከሰፋ ካሙን፣ ሮለሩንና ሮከሩን ፈትሽ። ከጠበበ ችግሩ መቀመጫው ጋ ነው። ሳይጽፉ ማስተካከል ሞተሩ ራሱ የሰጠህን ማስረጃ ማጥፋት ነው።

«ፊለር ጌጁ ካለፈ ልኩ ልክ ነው»

የሮከሩን ጫፍ ገልብጠህ እየው። ቆይቶ ከሆነ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ተበልቷል። ቀጥ ያለው ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ከጉድጓዱ በላይ ዳርና ዳሩ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። አንተ 0.50 አስገብቻለሁ ትላለህ፤ እውነተኛው ክፍተት ግን በጉድጓዱ ጥልቀት ልክ ይበልጣል። «አሁን አስተካክዬው እንዴት መልሶ ይጮኻል?» የሚያስብለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

በአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቮላ ያላቸው ሞተሮች ላይ አንድ ሮከር ሁለቱን የሚገፋው በድልድይ በኩል ነው። የድልድዩ አንድ እግር ከተበላ አንዱ ቫልቮላ ቀድሞ ይከፈታል። ስለዚህ ድልድዩን አውጥተህ ግንዱን የሚነካበትን ቦታ ሳታይ ልክ አትውሰድ።

«ጠቅ ጠቅ ካለ ቫልቮላ ነው»

ጭስ የሚያፈስ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ጋስኬትም ልክ እንደዚያው ይላል። እሱ ግን ጭነት ሲበዛ ይብሳል፣ ጥቁር የጥላሸት ምልክትም ይተዋል። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተርም ይመታል። በምቱ ፍጥነት ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ ካምሻፍት ክራንኩ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚዞረው፣ ኢንጀክተሩም የሚረጨው በዚያው ዑደት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 600 ሲዞር የአንድ ቫልቮላ ምት በሰከንድ 5 ይሆናል፤ የአንድ ኢንጀክተርም እንዲሁ።

የሚሻለው ሲሊንደሮቹን በየተራ ማጥፋት ነው። የአንዱን ናፍጣ ስትቆርጥ ድምፁ ከተለወጠ ወደ ኢንጀክተርና ወደ ቃጠሎው ተመልከት። ምንም ካልተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ካምና ሮከሩ ያደላል።

«በአየር ማስገቢያው ከተኮሰ የማስገቢያው ቫልቮላ ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን የማውጫው ካም ጉብታ ሲበላም እንዲሁ ይሆናል፣ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ጉብታው ካለቀ ማውጫው በቂ አይከፈትም፤ ያልወጣው ጭስ ማስገቢያው ሲከፈት በዚያ በኩል ይፈነዳል። ቴስታታ ከማውረድህ በፊት ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ሮከሩ ላይ አስቀምጥና እያንዳንዱ የሚንቀሳቀስበትን ከፍታ ለካ። ከወንድሞቹ ያነሰው ራሱን ያጋልጣል።

«ካሙን ብቻ ቀይሬ እገላገላለሁ»

አትገላገልም። የተበላ ታፔት (ካሙ ላይ የሚያርፈው ገፊ) ወይም የተቧጠጠ ሮለር አዲሱንም ካም ይበላዋል። ሮለሩን በጣትህ አዙረው፤ ከያዘ፣ ከሻከረ ወይም በፒኑ ላይ ከተወዛወዘ አብሮ ይቀየር። ፑሽሮዱን (ግፊቱን ወደ ሮከሩ የሚያደርሰውን ዘንግ) ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባልለው፤ ከዘለለ ጠምሟል። ከጠመመ ደግሞ አዲስ ከመግጠምህ በፊት ለምን እንደጠመመ ጠይቅ፤ ቫልቮላው ተጣብቋል? ወይስ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከልክ በላይ ዞሮ ፒስቶኑ መታው?

«በሻካራ ቅባት ከታሸ ይበቃዋል»

ማሸት ትንሽ ሻካራነት ያስተካክላል፣ የሚነካካበትንም ቀለበት ያሳይሃል። የሰመጠ መቀመጫ፣ የጠመመ ግንድ ወይም የላላ ጋይድ (ግንዱ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ግን አያድንም። ጋይዱ ከላላ ቫልቮላው በየምቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። መጀመሪያ ጋይዱ፣ ከዚያ በጋይዱ መሃል መቀመጫው ይቆረጣል። ሞላውም በዓይን አይፈረድም፤ ቁመቱና ጉልበቱ ይለካል።

«የዘይት ምርመራው ንጹሕ ስላለ ምንም የለም»

ላቦራቶሪው በተለመደው መሣሪያ የሚያነበው ጥቂት ማይክሮን የሚያህለውን ደቃቅ ብረት ነው። ከካም የተላጠ ትልቅ ቅርፊት ሳይቆጠር ያልፋል። ብረቱ ዝቅ ብሎ ጥላሸቱ ከፍ ካለም አትዘናጋ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲአይ-4 ዘይት ደረጃ ከሚጠይቃቸው ሙከራዎች አንዱ የኩሚንስ ኤም11 ሞተርን ጥላሸት በበዛበት ዘይት አሠርቶ የቫልቮላ ድልድዮቹን ክብደት መቀነስ የሚለካ ነው። ጥላሸት እነዚህን ክፍሎች እንደሚፍቅ አምራቾቹ አሳምረው ያውቃሉ። ዘይት መቀየሪያውን ማራዘም ዋጋው የሚከፈለው እዚያ ላይ ነው።

እና ፊልትሩን ሳታይ አትጣለው። ቆርጠህ ወረቀቱን ዘርጋ፣ ማግኔት አሳልፍበት። ማግኔቱ የሚያነሳው ቅርፊት ከካም፣ ከሮለር ወይም ከሌላ የብረት ክፍል ነው። የሚያብለጨልጭ ሆኖ ማግኔት የማይዘው ከሆነ ወደ ታች፣ ወደ ክራንኩ ኩሽኔታዎች (ዘንጉ የሚዞርባቸው) ሂድ።